ከዓይን ኩል እስከ አረቄ፦ የአንድ ቃል ጉዞና ለጤናችን ያለው ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ባለፉት ዕትሞች ስለ ምግብ ዓይነቶችና ስለ በሽታዎች ስናወጋ ቆይተናል። በዛሬው ጽሑፋችን ደግሞ ለየት ባለ መንገድ ከአንድ ቃል እንነሳለን። «ቃልና ጤናን ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ ሊነሳባችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ከቆያችሁ ግን ግንኙነቱ ግልጽ ይሆንላችኋል፣ ኢንሻአላህ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው የነበሩ መስጂዶች ዳግም ሲከፈቱ በየበራፉ የእጅ ሳኒታይዘር የያዙ ወጣቶች ይቆሙ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በአንድ ጁምዓ ቀን ከፊቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ተራቸው ሲደርስ ወጣቱ «አባቴ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አላቸው። እርሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው «ልጄ፣ ይሄማ አልኮል ነው አሉ። ዉዱዕ አድርጌ መጥቼ ኸምር ልትቀባኝ ነው?» አሉት። አጠገቡ የነበረ ሌላ ወጣት ጣልቃ ገባና «አባቴ፣ አልኮል እኮ የአረብኛ ቃል ነው፤ የራሳችን ነው፤ ምንም አይልም» አላቸው። አዛውንቱ በዚህ መልስ እንዳልረኩ ፊታቸው ይናገር ነበር።

በዚያው ሰሞን ልጅ የወለደችን ዘመዳችንን ልንጠይቅ ሄድን። የሕፃኑ ዓይኖች ዙሪያቸውን በኩል ጠቁረዋል። «ይሄ ሁሉ ኩል ለምን?» ስላት «ሱና አይደል እንዴ? ደግሞም ከሰው ዓይን ይጠብቀዋል» ስትል በሙሉ ልብ መለሰችልኝ።

አዛውንቱ የፈሩት ነገርና እናቲቱ ያመነችው ነገር በስም አንድ ናቸው ብል ታምኑኛላችሁ? እንግሊዝኛው «አልኮሆል» የሚለውና እኛ ወደ አማርኛ «አልኮል» ብለን የወሰድነው ቃል መነሻው «አል-ኩሕል» የሚለው የአረብኛ ቃል ነው። ትርጉሙም ይኸው የምናውቀው የዓይን ኩል ነው! ከሁለቱ የትኛው ለጤና ይበልጥ እንደሚያሰጋ ግን ስማቸው አይነግረንም። የዛሬው መልእክታችንም ይኸው ነው።

ቃሉ ከየት ተነሳ?

«ኩሕል» በአረብኛ ከማዕድን ድንጋይ ተፈጭቶ፣ ተሰልቆና ተነፍቶ የተዘጋጀ እጅግ የላመ ጥቁር የዓይን ዱቄት ነው። «አል» ደግሞ በአረብኛ ስም ላይ የሚገባ መስተአምር ነው። ቃሉ ለአማርኛችንም እንግዳ አይደለም። «ኩል»፣ «መኳል»፣ «ተኳለች» እያልን የምንናገረው ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን የአረብኛ የሕክምናና የኬሚስትሪ መጻሕፍትን ወደ ላቲን ሲተረጉሙ ብዙ ቃላትን እንዳሉ ወስደዋል። እንግሊዝኛ ዛሬ «አልጀብራ» የሚለው ከ«አል-ጀብር»፣ «አልካሊ» የሚለው ከ«አል-ቀሊ»፣ ለመድኃኒት የምንጠቀምበት «ሲረፕ» (ሽሮፕ) ደግሞ «መጠጥ» የሚል ትርጉም ካለው «ሸራብ» የመጡ ናቸው። «አል-ኩሕል»ም በዚሁ መንገድ ላቲን ገባ።

ላቲን ሲገባ ትርጉሙ መስፋት ጀመረ። በመጀመሪያ የዓይን ኩልን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም እንደ ኩል የላመ ዱቄት «አልኮሆል» አሉት። እንግሊዝኛ ቃሉን በ16ኛው ምዕተ ዓመት ሲዋስም ትርጉሙ ይኸው የላመ ዱቄት ነበር። በዚያን ዘመን አንድ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ «አልኮሆል» ቢል የሚታየው ዱቄት እንጂ መጠጥ አልነበረም።

ቀጥሎ ሌላ እርምጃ መጣ። የላመ ዱቄት ማለት ከአንድ ነገር ተጣርቶ የወጣ፣ ምርጡና ረቂቁ ክፍል ማለት ነው። ታዲያ ከወይን ጠጅ በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣውስ ምን ይባል? ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፓራሴልሰስ (እ.ኤ.አ. 1493–1541) ይህን ፈሳሽ በላቲን «አልኮሆል ቪኒ» ብሎ ጠራው። የወይን ጠጅ ረቂቁ ክፍል እንደማለት ነው። ጊዜው ሲረዝም «የወይን ጠጅ» የሚለው ቀረና በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ «አልኮሆል» ብቻውን የሚያሰክረው ነገር መጠሪያ ሆነ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ቃሉን ወስደው ተመሳሳይ አሠራር ላላቸው በርካታ ንጥረ ነገሮች የወል ስም አደረጉት። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚገርመው እንግሊዝኛ ይኸንኑ የአረብኛ ቃል ሁለት ጊዜ መዋሱ ነው። አንዴ «አልኮሆል» ብሎ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የዓይን ኩልን ለመግለጽ «ኮል» ብሎ። የስፔን ቋንቋም «አልኮሆላር» የሚል ግሥ አለው፤ ትርጉሙ «መኳል» ነው።

«ገውል» ነው የሚሉስ?

አንዳንድ ወንድሞች ቃሉ የመጣው በሱረቱ አስ-ሷፍፋት አንቀጽ 47 ላይ ከሚገኘው «ገውል» ከሚለው ቃል ነው ሲሉ ይሰማል። አንቀጹ የጀነትን መጠጥ ሲገልጽ አእምሮን የሚጎዳ ነገር እንደሌለበት ስለሚናገር ሐሳቡ ደስ ይላል። ሌሎች ደግሞ ከዚህ አልፈው ቃሉ «ሥጋ የሚበላ ጂኒ» ማለት ነው እያሉ በየስልኩ ያሰራጫሉ። ነገር ግን ቃሉ ከኩል ወደ ላመ ዱቄት፣ ከዱቄት ወደ ረቂቅ ፈሳሽ፣ ከፈሳሽ ወደ አስካሪ መጠጥ የተጓዘበት መንገድ ደረጃ በደረጃ በጽሑፍ ተመዝግቦ ስለሚገኝ የቋንቋ ምሁራን የሚቀበሉት «አል-ኩሕል»ን ነው። የአስካሪ መጠጥን ክፋት ለማስረዳት ያልተረጋገጠ ወሬ አያስፈልገንም። ቁርኣንና ሐዲስ፣ በላያቸውም የጤና ሳይንስ የተናገሩት ይበቃናል።

«የራሳችን ቃል ነው» የሚለው መልስ

ወደ ወጣቱ መልስ እንመለስ። ቃሉ የአረብኛ መሆኑ እውነት ነው። አፍልቶና እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ጠብታ የመሰብሰብ ዘዴን ካራቀቁት መካከል የሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንት መኖራቸውም እውነት ነው። በ9ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አል-ኪንዲ በዚሁ ዘዴ ስለሚዘጋጁ ሽቶዎች መጽሐፍ ጽፏል። አረብ ሊቃውንት ግን ኸምርን «ኩሕል» ብለው አልጠሩም። ያንን ያደረጉት ቃሉን የተዋሱት ናቸው። ቃሉን ሰጠን ማለት መጠጡን ሰጠን ማለት አይደለም። ቢሆንስ ኖሮ ሐራሙን ሐላል ያደርገው ነበር?

«አረቄ» የሚለውን ቃላችንን ተመልከቱ። እርሱም የአረብኛ ዝርያ አለው፤ «ዐረቅ» ማለት ላብ ነው። ከጋኑ እየተነነ ጠብ ጠብ የሚለው ፈሳሽ ላብ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ታዲያ የአረብኛ ስም ስላለው አረቄ የሚፈቀድ ይመስላችኋል?

አውሮፓውያን በበኩላቸው ይህንኑ የተጣራ መጠጥ በላቲን «አኳ ቪቴ» ይሉት ነበር፤ «የሕይወት ውሃ» ማለት ነው። «ዊስኪ» የሚለው ስምም በስኮትላንድና በአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ትርጉሙ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል መጠጥ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሞቱ ገልጿል። «የሕይወት ውሃ» የተባለው ይኸው ነው! በድርጅቱ ሥር የሚገኘው የካንሰር ምርምር ተቋም ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ የአልኮል መጠጦችን በሰው ላይ ካንሰር በሚያመጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደግሞ ድርጅቱ ለጤና አስጊ ያልሆነ የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። «ጥቂት ቢጠጣ ለልብ ይጠቅማል» ሲባል የኖረውን ለሰማን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዲናችን በስም እንዳንታለል አስቀድሞ አስጠንቅቆናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኡመታቸው ውስጥ ኸምርን በሌላ ስም እየጠሩ የሚጠጡ ሰዎች እንደሚመጡ ተናግረዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በሚንበር ላይ ኸምር ከወይን፣ ከተምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ ይዘጋጅ እንደነበር ገልጸው ኸምር ማለት አእምሮን የሚሸፍን ነገር ሁሉ መሆኑን አስረድተዋል። «ኸምር» የሚለው ቃል ራሱ ከመሸፈን የመጣ ነው፤ «ኺማር» የሚለው የሴቶች መሸፈኛ ከዚሁ ሥር ይወጣል። እንግዲህ ሚዛኑ የጠርሙሱ ስም ሳይሆን ነገሩ በአእምሮ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ማር ሲባል ጠጅ፣ ገብስ ሲባል ጠላ በዓይናችሁ አልመጣም?

በማሸጊያው ላይ ያለው ስምና ውስጡ ያለው ነገር

አሁን ቅድም «ያዙልን» ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። በኬሚስትሪ «አልኮል» የብዙ ንጥረ ነገሮች የወል ስም ነው። የሚያሰክረው «ኢታኖል» የሚባለው ነው። «ሜታኖል» ግን ሌላ ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢራን «አልኮል ኮሮናን ያድናል» የሚለውን ወሬ ሰምተው በሜታኖል የተበከለ መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። አንድ ስም የሁለት ነገሮች መጠሪያ በመሆኑ የጠፋ ሕይወት ምን ያህል እንደሆነ አስተውሉ።

በሌላ በኩል በማስቲካና ስኳር በሌላቸው ከረሜላዎች ውስጥ የሚገኙት «ሶርቢቶል» እና «ዛይሊቶል» በእንግሊዝኛ «የስኳር አልኮሎች» ይባላሉ። እነዚህ ጣፋጮች ናቸው እንጂ አያሰክሩም። ችግራቸው ሲበዙ ሆድ መንፋትና ማስቀመጥ ነው። በቆዳ ቅባቶች ላይ የሚጻፈው «ሲቲል አልኮል»ም ቆዳ የሚያለሰልስ፣ ሰም የመሰለ ነገር ነው። ስሙን ብቻ አይተው ቅባቱን የሚጥሉ እህቶች ያልበደለውን እየከሰሱ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በአሜሪካ ሕግ «አልኮል የለሽ» ተብሎ የሚሸጥ ቢራ ከ0.5 በመቶ በታች አልኮል ሊኖረው ይችላል። በጀርመንም እስከ 0.5 በመቶ ድረስ በዚሁ ስም ይሸጣል። ለኬክ የምንጨምረው ፈሳሽ ቫኒላ በአሜሪካ ደረጃ «ኤክስትራክት» ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል፤ በማሸጊያው ፊት ለፊት ግን በትልቁ የሚነበበው «ቫኒላ» የሚለው ነው። «ወይን ጠጅ ከምግብ ጋር ሲበስል አልኮሉ ተኖ ያልቃል» የሚለውም በልኬት ሲታይ ሙሉ እውነት አይደለም። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ መሠረት ለ15 ደቂቃ በበሰለ ምግብ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል በበሰለው ውስጥ እንኳ 5 በመቶ ያህሉ ይቀራል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን በምግብ ቤት ስትስተናገዱ ይህን ብትጠይቁ አይጎዳችሁም።

ቤታችንንም እንይ። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ሐላልም መልካምም መጠጥ ነው። ሙቀት ባለበት ቦታ ቀናት ከቆየ ግን መፍላት ይጀምራል። ስሙ ብርዝ እንደሆነ ይቀራል፤ ውስጡ ግን ወደ ጠጅ እየሄደ ነው። ስኳርና እርሾ ገብቶበት የሚዘጋጅ ማንኛውም የቤት መጠጥም ባደረ ቁጥር አልኮሉ ይጨምራል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውሃ የተዘፈዘፈ ዘቢብ ሲዘጋጅላቸው ከሦስተኛው ቀን ምሽት በኋላ የተረፈውን እንዲደፋ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እርሾ ምን እንደሚሠራ በማይክሮስኮፕ ከመታየቱ ከሺህ ዓመት በፊት የተሰጠ ጥንቃቄ ነው፤ ሱብሓነላህ! እናቶች ሆይ፣ ለእንግዳና ለልጆች የምታዘጋጁትን መጠጥ በዕለቱ አዘጋጅታችሁ በዕለቱ አቅርቡ፤ የተረፈውን በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ መኮምጠጥና አረፋ ማውጣት ሲጀምር ድፉት።

ስለ ሳኒታይዘሩ ደግሞ፣ የእጅ ማጽጃ ተሕዋስያንን ለመግደል ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል እንዲኖረው ይመከራል። ከእጅ ላይም በሰከንዶች ውስጥ ተኖ ይጠፋል። ነገሩ ለመጠጥ ሳይሆን ሕይወትን ለመጠበቅ ነው። ስለ ጠሃራው ያላቸውን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። ነገር ግን ለአዛውንቱ የሚገባቸው መልስ «ቃሉ የኛ ነው» የሚለው ሳይሆን «አባቴ፣ ይህ አይጠጣም፤ ከበሽታ ይጠብቅዎታል፤ ጥርጣሬ ካለዎት ግን ውሃና ሳሙና እዚህ አለ» የሚለው ነበር። ውሃና ሳሙናም እኮ ያጸዳል።

የሕፃኑ ዓይን

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ብዙዎቻችን ያለ ጥርጥር ያመንነው ኩል ነው ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው። በገበያ ላይ የሚሸጡ ብዙ የኩል ዓይነቶች የሚሠሩት «ጋሌና» ከሚባል ጥቁር አንጸባራቂ ማዕድን ነው። ጋሌና ደግሞ የእርሳስ ማዕድን ነው። እርሳስ ለሰው አካል አንዳችም ጥቅም የለውም። የሚያድገውን የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ የትምህርት ችሎታን ይቀንሳል፣ ደም ማነስ ያመጣል። ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንሱም ይተላለፋል። አስቸጋሪው ነገር በአብዛኛው ሲገባ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ሕፃኑ አይታመምም፣ አያለቅስም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ በትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

«ኩሉ ያለው ዓይን ላይ ነው፤ ወደ ሆድ በምን ይገባል?» ትሉ ይሆናል። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ ያሸበትን እጅ ይጠባል። እንባም ከዓይን ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ የሚወርድበት ቀዳዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የናይጄሪያ ዝርያ ባለው የስድስት ወር ሕፃን ደም ውስጥ ብዙ እርሳስ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ ወላጆቹ «ቲሮ» የሚባል ኩል ይኩሉት ነበር። ዱቄቱ ሲመረመር ከመቶ 82.6 እጁ እርሳስ ሆኖ ተገኘ! የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም የዚህ ዓይነቱን ኩል ለመዋቢያነት አይፈቅድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ደም ውስጥ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም። የአገራችን ሰው «ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» እንደሚለው እንዳይሆንብን መጠንቀቅ ይገባናል።

«ሱና አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመከሩት «ኢስሚድ»ን እንደሆነ በሐዲስ ተዘግቧል። ኢስሚድ በተለምዶ አንቲሞኒ ከሚባለው ማዕድን ጋር ይያያዛል። በዛሬው ገበያ በብልቃጥ ተደርጎ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት ሁሉ ግን ኢስሚድ አይደለም። «ኢስሚድ» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ ውስጡ እርሳስ ሊሆን ይችላል። እዚህም ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሱናውን የሚወድ ሰው የሱናውን ስም ለብሶ በመጣ መርዝ ልጁን ሊጎዳ አይገባውም። ከሰው ዓይን ስለመጠበቅ ከሆነም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጆቻቸውን ሐሰንንና ሑሰይንን በዱዓእ በአላህ ያስጠብቁ ነበር። ይህን ለማድረግ ብልቃጥ አያስፈልግም፤ ዱዓኡም በልጁ ደም ውስጥ ምንም አይተውም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ለሕፃናት አትኳሉ። ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶችም ተጠንቀቁ። ለረጅም ጊዜ ሲኳል የቆየ ልጅ ካላችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ የእርሳስ የደም ምርመራ በሚገኝበት አገር ያላችሁ አስመርምሩ። ብረትና ካልሲየም የሚጎድለው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ስለሚስብ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ወተትና እርጎ በማዕዱ ላይ እንዲኖሩ አድርጉ። ብርቱካንና ቲማቲምም ሰውነቱ ብረቱን እንዲወስድ ያግዛሉ። ምግብ ግን የገባውን እርሳስ አያወጣም፤ ዋናው መድኃኒት ምንጩን ማቆም ነው።

በመጨረሻም

አንድ ቃል ከአረብ ሴቶች የኩል ብልቃጥ ተነስቶ ላቲንን ተሻግሮ፣ በእንግሊዝኛ ዱቄትም ፈሳሽም አስካሪም ሆኖ ወደኛ ተመለሰ። ጉዞው ያስደንቃል። ፍርዱን ግን ከጉዞው አናገኝም። አዛውንቱ በስሙ ምክንያት የሚጠብቃቸውን ነገር ሸሹ፤ ወጣቱ በስሙ ምክንያት ነገሩን አቀለለው፤ እናቲቱ በስሙ ምክንያት ልጇን ለአደጋ አጋለጠች። ሦስቱም «ይህ ነገር ውስጡ ምንድን ነው? ምንስ ያደርጋል?» ብለው አልጠየቁም። ከእንግዲህ ጠርሙስ፣ ብልቃጥም ሆነ ፓኬት ስታነሱ ከፊት ለፊቱ ስም ይልቅ ከጀርባ በትንሹ የተጻፈውን ይዘት አንብቡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። ለዘመዳችንም ይህንኑ ነግረናታል፤ በሚቀጥለው ጉብኝታችን የልጁ ዓይኖች ያለ ኩል ያምሩ ነበር፣ ማሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ ጠቃሚውን ከጎጂው የምንለይበት ዕውቀት ይስጠን። አሚን።